ዘውዱ የወደቀበት የበረዶ ወራት

ለስምንት ተከታታይ ዓመታት የዓለምን ዋንጫ ማንም ሳይነጥቀው የወሰደ ስፖርተኛ በምን ይታወሳል? በወሰደው ነው ብሎ መመለስ የሚቀል ይመስላል። የላትቪያው ማርቲንስ ዱኩርስ ስም በተነሣ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚወራው ስላልወሰደው ነው። በስፖርቱ ዓለም እንደ እርሱ ያሸነፈ የለም፤ እንደ እርሱ አሸንፎ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጣም የለም። እዚህ የምንተርከው ከስፖርት ዘመኑ አንዱን ወቅት፣ ከኖቬምበር 2017 እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ያለውን ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዘውዱ የወደቀው በዚያ ወቅት ነው፤ ያጣው ወርቅም ለ71 ቀናት ሊመለስለት የደረሰ መስሎ የታየው በዚያው ወቅት ነው።

ስፖርቱ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ስኬሌተን ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ዐፅም ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የብረት መንሸራተቻ ሥጋው የተገፈፈ ዐፅም ስለመሰለ ስሙ ከዚያ እንደወጣ ይነገራል። ተወዳዳሪው መንሸራተቻውን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጥና በደረቱ ይተኛበታል። ጭንቅላቱ ወደፊት፣ ፊቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደኋላ። አገጩ ከበረዶው በጥቂት ሣንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ እየበረረ ይወርዳል። መንሸራተቻው መሪ የለውም፤ ፍሬንም የለውም። የሚመራው ትከሻንና ጉልበትን በቀስታ ጫን በማድረግ ነው። ሲጨንቅ የጫማን ጫፍ በረዶው ላይ ማስነካት ይቻላል፤ ያስነካ ግን ሰዓቱን ያበላሻል። ወደ አንድ ደቂቃ በሚጠጋ ጉዞ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ኩርባ ይታለፋል፤ አንደኛውን ከሁለተኛው የሚለየው ብዙውን ጊዜ የሰከንድ መቶኛ ነው። እንዲያውም የመንሸራተቻው ሁለት የብረት እግሮች ከውድድሩ በፊት በሙቀት መለኪያ ይፈተሻሉ። የሞቀ ብረት በበረዶ ላይ ይፈጥናልና፣ አሙቆ መምጣት እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።

ጨዋታውን የፈጠሩት ገንዘብም ጊዜም የተረፋቸው ሰዎች ናቸው። በ1880ዎቹ እንግሊዛውያን ሀብታሞች የበረዶውን ወራት በስዊዘርላንዷ ሳን ሞሪትዝ ያሳልፉ ነበር፤ ቀኑ ሲረዝምባቸው ከዳገት ወደ ቁልቁለት መንሸራተትን ያዙ። በ1884 እና 1885 መካከል በነበረው የበረዶ ወራት ክሬስታ የተባለው መውረጃ ተሠራ። ኦሊምፒክ ወደዚያች ከተማ በመጣ ጊዜ፣ በ1928፣ ይኸው ጨዋታ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ፤ አሜሪካዊው ጄኒሰን ሂተን ወርቁን፣ ወንድሙ ጆን ሂተን ብሩን ወሰዱ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1948 ኦሊምፒክ ወደ ሳን ሞሪትዝ ሲመለስ ወርቁ የጣልያኑ ኒኖ ቢቢያ ሆነ። ሁለተኛ ማን ወጣ? ያው ጆን ሂተን። ለሃያ ዓመት ጠብቆ ዳግመኛ ብር ያገኘው ይህ ሰው የዱኩርስ መንፈሳዊ አያት ነው ብንል ያስኬዳል።

ከዚያ በኋላ ስኬሌተን ከኦሊምፒክ ለ54 ዓመታት ጠፋ። የተመለሰው በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ነው። የጠፋበትም የተመለሰበትም ምክንያት መውረጃው ነው፦ ክሬስታ ያለው ሳን ሞሪትዝ ብቻ ሲሆን፣ በኋላ ግን በማቀዝቀዣ ቧንቧ የሚረጋ ሰው ሠራሽ መስመር በየአገሩ ተሠራ። በሶቪየት ዘመን፣ በ1986፣ በላትቪያዋ ሲጉልዳ የተከፈተው አንዱ ነው። የሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ መስመሩ ሕዝቧ ከሁለት ሚሊዮን ለማይሞላው ለዚያች ትንሽ አገር ቀረላት። ትልቅ መንግሥት ጥሎት የሄደውን መሣሪያ ትንሽ አገር አንሥታ ዓለምን ስትረታበት ማየት የሚያስደስት ነገር አለው።

የማርቲንስ አባት ዳይኒስ ዱኩርስ ቀድሞ በቦብስሌድ ፍሬን ያዥ ነበሩ፤ በኋላ የሲጉልዳው መስመር ኃላፊና የልጆቻቸው አሠልጣኝ ሆኑ። ልጆቻቸው ያልነው ታላቁ ቶማስም በዚያው ስፖርት ስለነበር ነው። ስለዚህ ሌላው ወጣት ቀጠሮ ይዞና ከፍሎ በሚወርድበት መስመር ወንድማማቾቹ እንደ ግቢያቸው አደጉ። ማርቲንስ በ1984 ተወልዶ በ2010 የመጀመሪያውን አጠቃላይ የዓለም ዋንጫ ሲወስድ ገና 26 ዓመት አልሞላውም ነበር። ያንን ዋንጫ እስከ 2017 ድረስ ማንም ከእጁ አላወጣም።

የመጀመሪያው ቁስል የደረሰበትም በዚያው በ2010 ነው። በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ውድድሩ በዊስለር ተራራ ላይ ነበር፤ በዚያው መስመር ላይ በመክፈቻው ቀን የጆርጂያው የሉጅ ተወዳዳሪ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ በልምምድ ላይ ሞቶበት ሁሉም በፍርሃት ይወርድበት ነበር። በኦሊምፒክ አራት ጊዜ ይወረዳል፣ ሰዓቱም ይደመራል። ዱኩርስ ከሦስተኛው ዙር በኋላ መሪ ነበር። በአራተኛው ዙር ካናዳዊው ጆን ሞንትጎመሪ አለፈው። በ0.07 ሰከንድ። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ እንኳ ከዚህ ይረዝማል፤ በዚያ መስመር ፍጥነት ቢሰላ ሦስት ሜትር አይሞላም።

የእኛ አንባቢ ይህን ዓይነት ቁጥር ያውቀዋል። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺሕ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። እኛ ያን ሌሊት የምናስታውሰው ከአሸናፊው ወገን ሆነን ነው። ቴርጋት ከዚያ በፊት በአትላንታም በኃይሌ ተቀድሞ ብር ወስዷል፤ በ1997 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮናም እንደዚሁ። በአገር አቋራጭ ግን ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ስለ ዱኩርስ ማንበብ የቴርጋትን ወገን ትንሽ እንድናይ ያደርገናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (በነገራችን ላይ በቫንኩቨሩ ኦሊምፒክ የእኛም ሰው ነበር፦ በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን በበረዶ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም፣ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ።)

በ2014 በሶቺ ዱኩርስ ዳግመኛ ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው የባለ አገሩ የሩሲያ ተወላጅ አሌክሳንደር ትሬቲያኮቭ ሲሆን ልዩነቱ 0.81 ሰከንድ ነበር። ቶማስ ደግሞ በቫንኩቨርም በሶቺም አራተኛ ወጣ። አባትየው በእነዚያ ሁለት ኦሊምፒኮች ከሁለት ልጆቻቸው ሁለት ብርና ሁለት አራተኛነት ነው ያገኙት።

አሁን ወደ ተቀናቃኙ እንምጣ። ዩን ሱንግ ቢን በ1994 በደቡብ ኮሪያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ናምሄ ተወለደ። በ2012 የትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ አቅሙን አይተው እስኪመክሩት ድረስ ስኬሌተን የሚባል ነገር ስለመኖሩ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ኮሪያም ያኔ የራሷ መውረጃ አልነበራትም። ልጁ ቀጭን ስለነበረ ክብደት ለመጨመር በቀን ደጋግሞ መብላት ራሱ ሥልጠና ሆኖበት ነበር፤ ከባድ ሰው በቁልቁለት ይፈጥናልና። በሶቺ 16ኛ ወጣ። በ2016 በሳን ሞሪትዝ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸነፈ፤ ከእስያ ያንን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። እንደ አርአያ የሚያየው ሰው ዱኩርስ እንደሆነ በግልጽ ይናገር ነበር። በማርች 2017 ለኦሊምፒኩ በተዘጋጀው በፒዮንግቻንግ አዲስ መስመር የሙከራ ውድድር ሲደረግ ዱኩርስ ዩንን በገዛ አገሩ ቀደመው፤ በ0.01 ሰከንድ።

እንግዲህ የ2017/18 ወቅት ሲከፈት ነገሩ በዚህ ላይ ነበር። የዓለም ዋንጫው ስምንት ውድድሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይወረዳል፣ አንደኛ 225፣ ሁለተኛ 210 ነጥብ ያገኛል። ኑሮው የዘላን ኑሮ ነው። ቡድኑ መንሸራተቻውን በሣጥን አሽጎ፣ የብረት እግሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ፣ ከካናዳ ወደ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ይጓዛል። በየደረሰበት ጥቂት የልምምድ ዙር ይፈቀድለታል፣ ይወዳደራል፣ ሣጥኑን መልሶ ያሽጋል።

በኖቬምበር መጀመሪያ በሌክ ፕላሲድ ዱኩርስ አንደኛ፣ ዩን ሁለተኛ ወጡ። ነገር ሁሉ እንደ ልማዱ መሰለ። በሚቀጥለው ሳምንት በፓርክ ሲቲ ግን ዩን አሸነፈ። ሦስተኛው ውድድር በዊስለር ነበር፦ በዚያው፣ ከሰባት ዓመት በፊት 0.07 ሰከንድ በጠፋበት ተራራ።

ተወዳዳሪዎቹ እዚያ ሳሉ፣ ኖቬምበር 22 ቀን፣ የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሶቺውን አበረታች መድኃኒት ጉዳይ ሲመረምር ቆይቶ ትሬቲያኮቭን ከ2014 ውጤቱ ሰረዘው። ሁለተኛው ሰው ዱኩርስ ነበርና ወርቁ ወደ እርሱ ይዞራል ተብሎ ተጠበቀ። በአራት ዓመት ዘግይቶ፣ ያለ ሕዝብና ያለ መዝሙር፣ በወረቀት የሚመጣ ወርቅ! ትሬቲያኮቭ ግን ይግባኝ አለ። ስለዚህ ዱኩርስ በዚያ ወቅት በየሳምንቱ ሲወርድ፣ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ይሁን አይሁን ገና ያልለየለት ሰው ሆኖ ነበር። በዚያ ሳምንት በዊስለር ያሸነፈው ዩን ነው።

በዲሴምበር ውድድሩ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በቪንተርበርግ ዩን፣ በኢግልስ ዱኩርስ። በጃንዋሪ በአልተንበርግ ዩን፤ በሳን ሞሪትዝ፣ ስፖርቱ በተወለደበት ከተማ፣ እንደገና ዩን። ከሰባት ውድድር አምስት አንደኛነትና ሁለት ሁለተኛነት፣ 1,545 ነጥብ። ስምንተኛውንና የመጨረሻውን፣ የኮኒግዜውን፣ ትቶ ለልምምድ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሳይወዳደርም ዘውዱ የእርሱ ሆነ። ስምንት ዓመት በአንድ ሰው ራስ ላይ የነበረ ዘውድ በዚህ ሁኔታ፣ አዲሱ ባለቤት በቦታው ሳይኖር ተላለፈ።

ምን ተለወጠ ቢባል፣ ዱኩርስ የቀድሞ ችሎታውን አጣ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ሁለት ጊዜ አሸንፏልና። ልዩነቱ ከመነሻው ሩጫ ይጀምራል። ዩን በሩጫው እጅግ ፈጣን ነበር፤ ከላይ የተገኘች ትንሽ ብልጫ እስከ ታች ስትወርድ ትባዛለች። ቀድሞ ግን ሯጩ ዩን በኩርባው ላይ ያጠፋውን ዱኩርስ ይለቅምበት ነበር። በዚያ ወቅት ልጁ መስመር መምራትን ተምሮ ጨረሰ። የሚለቀም ነገር ቀረ።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 1 መጣ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የ28 ሩሲያውያንን ይግባኝ ተቀብሎ ቅጣታቸውን ሻረ፤ ትሬቲያኮቭ አንዱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ ንጹሐን ናቸው ሳይሆን በእያንዳንዳቸው ላይ የቀረበው ማስረጃ አልበቃም ነው ያለው። ለዱኩርስ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ይረባዋል? ብሩ ብር ሆኖ ቀረ። በፒዮንግቻንግ ሊወዳደር የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። ኮሚቴው ትሬቲያኮቭን ወደ ኮሪያ አልጋበዘውም፤ እንዲያም ሆኖ በሜዳ ሊበቀለው የሚችልበት ዕድል እንኳ በዚሁ ተዘጋ። እኔ በበኩሌ የዚህን ወቅት ጭካኔ የማየው ከሽንፈቶቹ ይልቅ በእነዚያ 71 ቀናት ነው። ተሸንፎ መኖርን ሰው ይለምደዋል፤ ተስፋው ተሰጥቶት ተመልሶ ሲነጠቅ ግን ሌላ ነው።

ፒዮንግቻንግ ደግሞ የዩን ግቢ ሆኖ ነበር። ሲጉልዳ ለዱኩርስ እንደነበረች ሁሉ፣ ኮሪያዊው በአገሩ መስመር እንግዶች ከተፈቀደላቸው ጋር የማይወዳደር ብዙ ዙር ወርዷል። የመስመሩ ዘጠነኛ ኩርባ ስመ ጥር ነው፤ ከጥቂት ቀናት በፊት የጀርመኑን የሉጅ ንጉሥ ፌሊክስ ሎክን በመጨረሻው ዙር ከመሪነት ወደ አምስተኛነት ያወረደው እርሱ ነው። ዩን ኩርባውን በቃሉ ያውቀው ነበር።

ውድድሩ ፌብሩዋሪ 15 እና 16 ተደረገ። የብረት ሰው በሚባለው የፊልም ጀግና ፊት አምሳያ የተሠራ ቀይ የራስ ቁር አድርጎ ዩን አራት ጊዜ ወረደ፦ 50.28፣ 50.07፣ 50.18፣ 50.02። የመጨረሻዋ የመስመሩ አዲስ ክብረ ወሰን ሆነች። ሁለተኛ የወጣውን ኒኪታ ትሬጉቦቭን የቀደመው በ1.63 ሰከንድ ነው፤ በመቶኛ በሚለካ ስፖርት ይህ ዘላለም ነው። ዕለቱ በኮሪያ የጨረቃ አዲስ ዓመት ስለነበረ ሻምፒዮኑ በበረዶው ዳር ተንበርክኮ ለሕዝቡ የአዲስ ዓመት ስግደት ሰገደ። እስያ በመንሸራተቻ ስፖርት ያገኘችው የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር።

ዱኩርስስ? እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከሜዳሊያ ተፎካካሪዎቹ መካከል ነበር። በዚያ ዙር ግን ስሕተት ሠራ። ነሐሱ በ0.11 ሰከንድ ልዩነት የእንግሊዙ ዶም ፓርሰንስ ሆነና እርሱ አራተኛ ወጣ። ከእርሱ ቀጥሎ አምስተኛ የሆነው ወንድሙ ቶማስ ነው።

የዚያን ቀን የውጤት ዝርዝር ወደ ታች ከተነበበ በ30ኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ረድፍ፣ ጋናዊው አክዋሲ ፍሪምፖንግ ይገኛል። በኩማሲ ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ወደ ሆላንድ የሄደ፣ እዚያም ለብዙ ዓመታት ያለ መኖሪያ ፈቃድ የኖረ፣ በአሜሪካ ከበር ወደ በር እየዞረ የቤት መጥረጊያ ማሽን እየሸጠ ራሱን የደገፈ ሰው ነው። የራስ ቁሩ ላይ ከአንበሳ አፍ የምታመልጥ ጥንቸል አሥሎበት ነበር። ከእርሱ ማግሥት በሴቶች የናይጄሪያዋ ሲሚዴሌ አዴአግቦ ከ20 ተወዳዳሪዎች 20ኛ ወጣች፤ ስኬሌተንን የጀመረችው አምስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር፣ በኦሊምፒክ ስኬሌተን የተሳተፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም እርሷ ናት። እነዚህ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ ከዱኩርስ ይለያል። የዓለም ዋንጫው የላይኛው ፎቅ ነው፤ ከበታቹ የሰሜን አሜሪካ፣ የአውሮፓና የአህጉራት የሚባሉ ዋንጫዎች አሉ፤ ተመልካችም ጋዜጠኛም በሌለበት ነጥብ የሚለቃቀመው እዚያ ነው። ሲጉልዳ የሌለው ሰው ሲጉልዳን እየተከራየ ይኖራል።

ዱኩርስ ከፒዮንግቻንግ በኋላ ያበቃል ያሉ ነበሩ። በማርች 2019 የዓለም ሻምፒዮናው በዊስለር ተደረገ። አሸነፈ፤ ስድስተኛው የዓለም ሻምፒዮንነቱ ነበር። ያ ተራራ ዕዳውን በዘጠኝ ዓመቱ ከፈለው ይባል ይሆን? ከዚያም በ2020፣ በ2021 እና በ2022 አጠቃላዩን የዓለም ዋንጫ መልሶ ወሰደ፤ ድምሩ 11 ሆነ። አሥራ አንደኛውን በወሰደበት በዚያው የበረዶ ወራት፣ በ37 ዓመቱ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ሄደ። በቤጂንግ ሰባተኛ ወጣ። ወርቁን የጀርመኑ ክሪስቶፈር ግሮቴር ወሰደ፤ ዩን 12ኛ ነበር።

በ2022 መወዳደር አቁሞ የእንግሊዝ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። እንግሊዝ የራሷ የበረዶ መስመር የላትም፤ ልጆቿ በአገራቸው የሚለማመዱት መነሻውን ሩጫ ብቻ ነው፣ ኩርባውን የሚማሩት በሰው አገር ነው። በጃንዋሪ 2023 የዓለም ሻምፒዮናው በሳን ሞሪትዝ ሲካሄድ ማት ዌስተን የሚባል እንግሊዛዊ አንደኛ ወጣ፤ ዱኩርስ ያኔ በአሠልጣኞቹ ወገን ነበር።